ማር የተቀባ ጣት

ውባንቺ ነጠላዋን ታጣፋለች፤ ትፈታለች፤ መልሳ ታጣፋለች። ሚኒባሱ ከንፋስ መውጫ መናኸሪያ ከወጣ ጀምሮ እንዲህ ናት። አጠገቧ የተቀመጡት ሴትዮ ሲያይዋት ቆይተው አላስችል አላቸው።

"ምነው ልጄ፣ የምትሄጂው ለቅሶ ነው ሠርግ?"

"እኔም አላወቅሁም፣ እናቴ" አለች። እውነቷን ነበር።

በሌላው ቀን ቢሆን ጭኗ ላይ ጥቁር ቦርሳዋ ይኖር ነበር፤ ሳሙና፣ ጓንት፣ ቫዝሊን፣ የጥፍር መቁረጫ። ሥራዋ ቤት ለቤት እየዞሩ አቅም ያጡ ሰዎችን መንከባከብ ነው። ንፋስ መውጫ ያለ አንድ ትንሽ የበጎ አድራጎት ማኅበር ቀጥሯት፣ ዛሬ ዐይናቸው ከጠፋ እናት ዘንድ፣ ነገ ወገቡ ተሰብሮ ከአልጋ ከማይነሣ ጎልማሳ ዘንድ እያለች ሳምንቱን በባጃጅና በእግሯ ታዳርሰዋለች። ቅዳሜዋ ግን ከከተማው ወጣ ብላ ያለችው የቤተ ልሔም ደብር መሪጌታ ላቀው ናቸው። ስንቱን ደቀ መዝሙር ድጓ አስተምረው ለወንበር ያበቁ ሊቅ፣ ስትሮክ ቀኝ አካላቸውን ጥሎባቸው፣ ያ ቅኔ ማሕሌቱን ይሞላ የነበረ ድምፅ ዛሬ አንዲት ቃል ለማውጣት ያምጣል።

ዛሬ ደግሞ እሁድ ነው። ትናንት ሥራዋን ጨርሳ ስትወጣ የመሪጌታ እህት እትዬ ማሬ እስከ ደጅ ተከትለዋት ነበር።

"ነገ ከቅዳሴ መልስ ድረሽ። ቦርሳሽን ተይው፤ ነጠላ ልበሽ። ሽማግሎች ይቀመጣሉ። ወንድሜ ሊያከብርሽ ነው" አሏት። ሌላ ነገር ሳይጨምሩ በሩን ዘጉ።

ሊያከብርሽ ነው! ይህች ቃል እንቅልፍ ነሳቻት። አዲስዓለም ቃል ገብቶላታልና። ወዲያው ደወለችለት። "የደወሉላቸው ደንበኛ አሁን ጥሪ መቀበል አይችሉም" ይላል። ማታም ይኸው፣ ጧትም ይኸው።

አዲስዓለም የመሪጌታ ልጅ ነው፤ ንፋስ መውጫ ጠበቃ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ አባቱን ሊጠይቅ ይመጣና፣ ውባንቺ ስትመለስ እስከ መኪናው መንገድ በእግር ይሸኛታል። መጀመሪያ ስለ አባቱ መድኃኒት ነበር የሚያወሩት። ኋላ ስለ ገብሱ። ኋላ ስለ ምንም። ሰው ስለ ምንም ማውራት ሲጀምር ነው ነገሩ የሚብስ። ይኸው ዓመት ሊሞላቸው ነው፤ የሚያውቅ የለም። የማኅበሩ ደንብ ሠራተኛ ከምትንከባከበው ሰው ቤተሰብ ጋር በፍቅር እንዳትያዝ ይከለክላል። ቢታወቅ መሪጌታን ለሌላ አስረክባ ልትወጣ ነው። እሷ እኒህን ሽማግሌ ማጣት ፈርታ ዝም አለች። እሱም ፈራ፤ የእሱን ፍርሃት ግን "ጥንቃቄ" ይለዋል። የተማረ ሰው ለፍርሃቱ ስም አያጣም።

መጨረሻ የተገናኙ ቀን ከመንገዱ ዳር ባሕር ዛፉ ሥር ቆመው፣

"ለአባዬ እነግረዋለሁ። ትንሽ ይጠንክር" አላት።

"ያን ጊዜ ክረምቱ ይውጣ አልህ። ከዚያ ገብሱ ይታጨድ አልህ። አሁን ደግሞ አባቴ ይጠንክር። ተለዋጭ ቀጠሮ ነው እንዴ የምትሰጠኝ? ችሎት መሰልሁህ?"

"ውቤ፣ ተይ እንጂ።"

"ምን ልተው? በሰው ፋንታ ቀኑን ሙሉ ስትለፈልፍ ትውላለህ። ለራስህ ሲሆን ምላስህን ማን ያስረዋል?"

"እትዬ ማሬን አታውቂያቸውም። የሊቅ ቤት ነው፣ የካህን ዘር ነው ይላሉ። አባቷ ማን ነው፣ አገሯ የት ነው ይላሉ።"

"ስማዳ በላቸው። ከወገዳ ወዲያ ማዶ። አባቴ አራሽ ነበር፤ ሞቷል። ሌላ የሚጠይቁት ካለ እኔን ይጠይቁኝ።"

ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ሳቁ ፊቱ ላይ ቀረና፣ ቀስ ብሎ ዐይኗን አያት። "እነግረዋለሁ" ብሎ ማለላት። መኪናው መጣ። በመስኮቱ ዞራ ስታየው እዚያው ቆሟል። ያን ዐይን ስታስበው ሰነበተች፤ ፍቅር ይሁን ፍርሃት መለየት አቃታት።

*

መንደሩ በበኩሉ ሌላ ነገር ሲያኝክ ከርሟል። ሚስታቸው የሞቱባቸው ካህን፣ ባል የሌላት ቆንጆ፣ የተዘጋ በር! ውሃ ስታሞቅ ያያት የለም። ገላቸውን በአንሶላ ሸፍና ስታጥብ፣ ጀርባቸው እንዳይቆስል ስታገላብጥ ያያት የለም። በሩ ሲዘጋ ግን ሰፈሩ ሁሉ ዐይን ያወጣል። ሰው ሲወድቅ ከሩቅ "እግዜር ይማርህ" ብሎ የሚያልፈው ሁሉ፣ የሚያነሣ እጅ ሲያይ ያን እጅ ሊመረምር ይቆማል። መሪጌታ ወድቀው በተኙበት ጊዜ ከነዚያ ምላሶች አንዷ እንኳ አንድ ጣሳ ውሃ አቀብላለች? ምላስ ውሃ አይቀዳም!

ውባንቺ ሐሜቱን ሰምታዋለች። የእሷ ጭንቀት መሪጌታ ጆሮ እንዳይደርስ ብቻ ነበር።

ከመኪናው ወርዳ ዳገቱን ስትወጣ ልቧ ሁለት ነገር ይነግራታል። አንዱ "ተናግሮልሽ ነው፤ ሽማግሎቹ የተቀመጡት ለዚያ ነው" ይላል። ሌላው "እሱ ቢናገር ኖሮ ይደውልልሽ ነበር" ይላል። የቤተ ክርስቲያኑን አጥር ስታልፍ ሁለተኛው ድምፅ በረታባት። ተሳልማ ቆመች። ምን ብላ እንደምትጸልይ ጠፋት።

*

"ኧረ ወደ ላይ፣ ወደ ላይ! የዛሬዋ ባለ ቀን አንቺ ነሽ!"

ይህን ያሉት የመሪጌታ ጎረቤት አቶ በላይነህ ናቸው፤ ለቅሶ ቤትም ቢሆን ቀልድ የማያልቅባቸው ሰው። ከጎናቸው የመሪጌታ የነፍስ አባት አባ አድማሱ መስቀላቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። መሪጌታ አልጋቸው ላይ በትራስ ተደግፈው፣ ነጭ ጋቢ ለብሰው፣ ጠምጥመዋል። ጥምጥሙ ወደ ግራ ዘንበል ብሏል። እጇ ሊያስተካክለው ቃጣና ተወችው።

ከዚያ ጥግ ላይ አየችው። አዲስዓለም!

 መጥቷል። አለ። ሱሪው እስከ ጉልበቱ አቧራ ነው።

"እንደምን ዋልሽ፣ እህቴ?" አላት። ሰው ፊት ሁልጊዜ "እህቴ" ነው የሚላት።

"እግዚአብሔር ይመስገን። ትናንት አጣንህ።"

"ዓርብ ለክርክር ሄጄ መንገድ ተዘግቶብኝ ደብረ ታቦር አደርሁ። ስልኬም ሞተብኝ። ከአንቺ ትንሽ ብቀድም ነው።"

ዐይኑ አንድ ነገር ይጠይቃታል። ምን እንደሆነ አልገባትም። እሱም ለምን እንደተጠራ አያውቅም ማለት ነው? ታዲያ ማን ነው የተናገረው? 

አባ አድማሱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ውባንቺ፣ ልጄ፣ ሥራሽን አይተናል። አባት እንደሌለሽም ሰምተናል። ሰው ደግሞ አፍ አለው። መሪጌታ አካላቸው ተኛ እንጂ ጆሯቸው አልተኛም፤ የሚወራውን ሰምተዋል። 'በእኔ ምክንያት የዚች ልጅ ስም አይጠፋም' ብለው አለቀሱ። ያ አፍ እንዴት እንደሚዘጋ ከእህታቸው ጋር መከሩና ለእኛ ነገሩን። እኛም ደስ አለን። ማሬ፣ ማሩን አምጪው።"

እትዬ ማሬ ከጓዳ ነጭ ማር በጎድጓዳ ሳህን ይዘው ወጡ። የኅዳር ማር ነው፤ ገና ሰሙ አልተለየውም። አባ አድማሱ ደስ አለን ሲሉ ለውባንቺ የመጣላት ፈገግታ ፊቷ ላይ እንዳለ ነበር። ማሩን አየች። የመሪጌታን አውራ ጣት አየች። ፈገግታው እዚያው ደረቀ።

የቆየ ወግ ነው፤ ወጣቱ እየረሳው ነው እንጂ። ሰው ያልወለደውን ልጁ ሊያደርግ ሲሻ አውራ ጣቱን ማር ነክሮ ያጠባዋል። የጡት ልጅ ይባላል። የጠባ እንደ ተወለደ ነው። የቤቱ ወንዶች ወንድሞቹ፣ ሴቶቹ እህቶቹ ናቸው። ከዚያ ወዲያ በመካከላቸው ጋብቻ ማሰብ ነውር ብቻ አይደለም፣ ኃጢአት ነው።

"ልጃቸው ትሆኛለሽ" አሉ አባ አድማሱ። "ልጅ አባቷን ብታጥብ ማን ምን ይላል?"

"እኔም አክስትሽ" አሉ እትዬ ማሬ፣ ፈገግ ብለው።

በዚህ ቤት ስትመላለስ እኒህ ሴት ፈገግ ሲሉላት የመጀመሪያቸው ነው። ውባንቺ ያን ፈገግታ አይታ ሁሉንም ተረዳች። ያውቃሉ። ባሕር ዛፉ ሥር አይተዋቸዋል፤ ወይ ሰው ነግሯቸዋል። ዱላ ቢያነሡባት ትሸሽ ነበር። ቢሰድቧት መልስ አላት። እሳቸው ግን ክብር ይዘውባት መጡ። ከክብር ወዴት ይሸሻል? ሰውን በክብር ማነቅ የሚያውቅ ቤት ጅራፍ ምን ያደርግለታል!

አዲስዓለምን አየችው። ፊቱ አመድ መስሏል። አፉን ከፈተ፤ ዘጋው። ዐይኑን ምንጣፉ ላይ ጣለ።

ተናገር፣ አለች በሆዷ። ስለ እመቤታችን፣ አሁን ተናገር።

መሪጌታ እጃቸውን ወደ ማሩ ሰደዱ። ግራ እጃቸውን አልነበረም። ያን የሞተውን ቀኙን ነው! ጣቶቹን አንድ በአንድ ስትዘረጋቸውና ስታጥፋቸው የከረመችው እጅ፣ ሐኪም "አይመለስም" ያለው እጅ፣ እየተንቀጠቀጠ ብቻውን ተነሣ። አውራ ጣቱ ማሩን ነካ። ወደ እሷ ተዘረጋ። ግማሽ ፊታቸው ይስቃል፤ ግማሹ አይታዘዝላቸውም።

"ል... ጄ" አሏት።

እንባዋ መጣ። እሺ ብትል አባት ታገኛለች፤ ሐሜቱ ይሞታል፤ ሥራዋ ይቀናል። ከአሁን ወዲያ ግን አዲስዓለም ወንድሟ ነው፤ እስከ ዕለተ ሞቷ። እንቢ ብትል፣ ለእሷ ሲል ከሞት የተነሣውን እጅ በሰው ፊት ባዶውን ልትመልስ ነው።

ተንበረከከች። እትዬ ማሬ ለእልልታ ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። ውባንቺ ያን እጅ በሁለት እጇ ያዘችና አንጓው ላይ ሳመችው። ጣቱን አልነካችም።

"የኔታ፣ አልችልም።"

ቤቱ ተናወጠ።

"ምን አለች?"

"ሊቅ እጁን ዘርግቶላት!" አሉ አቶ በላይነህ፤ ቀልዳቸው ጠፍቷል። "ስንት ሰው የተመኘውን ጣት!"

"ነግሬዎት ነበር፣ መሪጌታ!" እትዬ ማሬ ጮኹ። "አጣቢን ከፍ ቢያደርጓት ወደ ገንዳዋ ነው የምትመለስ!"

 ውባንቺ የፈራችው አንድ ድምፅ ብቻ ነበር። እሱም መጣ።

"ምን... በ... ደልሁሽ?"

 ለመጨረሻ ጊዜ ወደ ጥጉ ዞረች። አዲስዓለም ምንጣፉን እያየ ነው። ያን ጊዜ ፍርሃቷ እንደ ፈላ ውሃ ገንፍሎ ቁጣ ሆነ። ሰው በሚወደው ሰው ዝምታ ብቻውን ሲቀር፣ ከወዴት እንደሚመጣ የማይታወቅ ድፍረት ይመጣለታል።

"አልበደሉኝም፣ የኔታ። አባቴ ከሞተ ወዲህ አባት ያየሁት በእርስዎ ነው። ይህን ጣት ከጠባሁ ግን አዲስዓለም ወንድሜ ይሆናል። እኔ ወንድሜ እንዲሆን አልፈልግም። ዓመት ሙሉ ወንድሜ አልነበረም።"

 ከደጅ ዶሮ ገለባ ስትጭር ይሰማል። አባ አድማሱ መስቀላቸውን ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩ።

"አዲስዓለም፣ ይህ እውነት ነው?"

ተነሣ። ጠበቃው፣ ያ አንደበተ ርቱዕ፣ እንደ ተከሳሽ እጁን አጣምሮ ቆመ።

"እውነት ነው፣ አባ። መናገር የነበረብኝ እኔ ነበርሁ። ፈራሁ። አሁንም እሷ ነች የቀደመችኝ።" ወደ አልጋው ዞረ። "አባዬ፣ ብትቆጣኝ ተቆጣኝ። እሷን ግን እህቴ አታድርግብኝ። ይህን ቤት ብትነሳኝ እችለዋለሁ፤ እሷን አልችልም።"

"የሊቅ ዘር ከስማዳ አራሽ ልጅ ጋር!" አሉ እትዬ ማሬ።

"እትዬ፣ የሊቁ ዘር ሊቁ ሲወድቅ የት ነበር? እኔ መዝገብ ታቅፌ ችሎት ነበርሁ። እርስዎም ራስዎን ያውቁታል። እዚህ የነበረችው እሷ ናት።"

ሁሉም ወደ አልጋው ዞሩ። ውባንቺ ያን ፊት እንደ ዳዊት ታነበው ነበር፤ መቼ እንደሚያማቸው፣ መቼ ውሃ እንደሚጠማቸው በቅንድባቸው ታውቃለች። ዛሬ ግን ምንም አልነበበላትም። ማር የተቀባው ጣት አሁንም አየር ላይ ነው። ከጫፉ አንዲት ጠብታ ረዘመችና ጋቢው ላይ ወደቀች። መሪጌታ ዐይናቸውን ጨፈኑ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ።

ሊገዝቱ ነው! አለች ውባንቺ። በዚህ አፍ የወጣ ግዝት በማን ይፈታል? አዲስዓለም አንድ እርምጃ ወደ እሷ ቀረበ። ትንፋሹ ትከሻዋን ነካት። አልዞረችም።

ያ እጅ ቀስ እያለ ተመለሰ። ደረታቸውን አለፈ፤ ጢማቸውን ነካ፤ ማር አስቀባው። መሪጌታ ላቀው አውራ ጣታቸውን ወደ ገዛ አፋቸው ከተቱና እንደ ሕፃን ጠቡት። እስኪነጣ ድረስ ጠቡት።

"ማር... አይ... ጣልም" አሉ።

ለአፍታ ማንም አልገባውም። ከዚያ አቶ በላይነህ ጭናቸውን መቱ።

"ኧረ ጠቡት! መሪጌታ የራሳቸው የጡት ልጅ ሆኑ!"

አባ አድማሱ ሊቆጡ አስበው በጋቢያቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፈኑ። ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። እትዬ ማሬ ሳህኑን አንሥተው ጓዳ ገቡ፤ አልተመለሱም። ውባንቺ ግንባሯን አልጋው ጠርዝ ላይ ጣለችና ያን ሁሉ ጊዜ የያዘችውን ለቅሶ ለቀቀችው። ሳቅ ይመስል ነበር። ያቺ ከባድ እጅ ጸጉሯ ላይ ስታርፍ ተሰማት።

*

ደስታ ግን በዚያ ቤት ብዙ አልቆመም። ሳቁ ሲበርድ አባ አድማሱ ወደ ቀልባቸው ተመለሱ።

"ጣቱን ለራሳቸው መለሱት፤ ልጃቸውን ፈቀዱልሽ ማለት ነው። እንግዲህ ሌላ ነገር መጣ" አሉ። "ልጅ አባቷን ታጥባለች። ምራት ግን አማቷን አታጥብም። ይህ በእኛ ዘንድ የማይሆን ነው። ከዛሬ ጀምሮ እኒህን ሰው ማን ያጥባቸዋል?"

ውባንቺ ይህን አላሰበችውም። ልጁን ስታገኝ አባቱን በዚያው ትንፋሽ ሰጥታለች። ማኅበሩም ነገ ሲሰማ ሌላ ሰው ይልካል። ያ ሰው ቀኝ ትከሻቸውን ከጎተተ እንደሚጮኹ ያውቃል? ሲያፍሩ ዐይናቸውን እንደሚጨፍኑ፣ ያን ጊዜ ስለ ዜማ ቢጠየቁ እፍረቱን እንደሚረሱት ማን ይነግረዋል? ቀና ብላ መሪጌታን አየቻቸው። ጢማቸው በማርና በእንባ ተጣብቋል። ሰው ሁሉ ያያል፤ የሚነሣ የለም። ምራት ነሽ ተብላለችና እጇ አይደርስ፤ እትዬ ማሬ ጓዳ ናቸው።

አዲስዓለም ኮቱን አወለቀ። ሸሚዙን እስከ ክንዱ ጠቀለለ።

"ውሃው በምንድን ነው የሚሞቀው?" አለ።

"ጠበቃው ገንዳ ሊይዝ ነው!" አሉ አቶ በላይነህ፣ ግን ለራሳቸው ያህል ነው። አባ አድማሱ ተነሡ። ሽማግሎቹ ወጡ። ውባንቺም ወጣች። ምራት ናትና ከጭቃው ግድግዳ ውጪ፣ ፀሐዩ ላይ ቆመች። በሩ ተዘጋ። ያን በር ከውጪ ሆና ስትሰማው ዛሬ የመጀመሪያዋ ነው።

ውሃ ሲቀዳ ሰማች።  ከዚያ የአዲስዓለም ድምፅ መጣ፤ ጮክ ብሎ፣ ሽማግሎቹ እየሰሙ፣ ጎረቤት እየሰማ፦

"ውቤ! ከየት ልጀምር?"

እህቴ አላላትም።

"ከፊታቸው" አለች። "ከዐይናቸው። ያለ ሳሙና።"

"አቃ... ጠልኸኝ!" የሚል ድምፅ ተከተለ። ደጅ ያሉት ሳቁ። እሷ አልሳቀችም። መዳፏን ግድግዳው ላይ አሳርፋ ታዳምጣለች። ከወዲያ የምትወዳቸው ሁለት ሰዎች ያለ እሷ ናቸው። አንዱ አልለመደም፤ አንዱ አፍሯል። የትኛው ይበልጥ እንደሚያሳስባት አታውቅም። ውሃው ይንቦራጨቃል፤ ቆም ይላል፤ እንደገና ይንቦራጨቃል። ቆም ባለ ቁጥር የእሷም ትንፋሽ ይቆማል።

ጀርባቸውን እንዳትረሳ ልትለው አፏን ከፈተች። ተወችለት። ከግድግዳው ጋር ተጠግታ፣ ፀሐይ ፊቷን እየመታት፣ ይህን ያህል የሚያስፈራ ደስታ ለሰው ይሰጥ ኖሯል እንዴ እያለች ጆሮዋን አቅንታ ቆመች።